የሰይድን ድምፅ ጠቅልዬ መርካቶ የሄድኩ ጊዜ

ከሐይቅ ከተማ ወጥቼ መርካቶ ደርሼ የተመለስኩት በአምስት ቀን ነው። ለአምስት ቀን ደብተር መሙላት ይበዛል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ከተመለስኩ ጀምሮ በልብስ ስፌት ቤቴ በር የሚያልፈው ሁሉ «እስቲ ንገረን» ይለኛል። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው እየረሳሁ ተቸገርኩ። ስለዚህ ጽፌ ልገላገል አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄ መርፌ እንጂ ብዕር ብዙ አለመደም። ስፌቱ ጠመም ያለበት ቦታ ብታገኙ እለፉት።

አስቀድሜ የሄድኩበትን ጉዳይ ልናገር። እህቴ ዘይነባ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሰይድ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ጂዳ ሄደ። እንደሄደ በሰው እጅ አንድ ካሴት ላከላት። እናቱ ማንበብ አትችልም፤ ደብዳቤ ቢጽፍ ሌላ ሰው ነው የሚያነብላት፤ ስለዚህ ተናግሮ ላከው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ያልጠየቅነው ሰው የለም። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። በእጃችን የቀረችው ያቺ ካሴት ናት።

በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ዘይነባ ካሴቷን በመሐረብ እንደጠቀለለች ታመጣልኛለች፤ እኔም ባለ አራት ድንጋይ ቴፔን አውጥቼ አጫውትላታለሁ። ሰይድ ግማሹን የሚጨርሰው ሰላምታ በመላክ ነው። ጎረቤቱን በሙሉ በየስሙ ይጠራል፣ ላማችንን ሳይቀር። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖርን አልቆጠርኩትም።

ባለፈው ሰሞን ቴፔ ካሴቷን በላው። ክሩን ከውስጡ መዝዤ ላወጣ ብል ተበጠሰ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል ሊያቅተኝ ነው? ከጎረቤት ልጅ የጥፍር ቀለም ለመንኩና አጣበቅሁት። ሳቲን ሲሆን የሚያብረቀርቀው ፊቱ ነው፣ ፈዛዛው ጀርባው። የካሴቱንም ክር እንደዚያ አሰብኩት፤ አንዱን ጫፍ ገልብጬ የሚያብረቀርቀውን ወደ ላይ አድርጌ አጋጠምኩ። ሲጫወት ሰይድ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው መሰለ። ብዙም አልቆየ፣ ቴፑ መልሶ በላው።

ዘይነባ «አብሽር ወንድምጋሼ» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓርብ መሐረቡን አላመጣችም። በዚያኛውም ዓርብ አላመጣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱ ደኅና ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቄ ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ። ዘይነባ የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ ስንቅ ቋጥራልኛለች። ካሴቷን ስትሰጠኝ መሐረቡን ሁለቴ ፈታ ሁለቴ ቋጠረችው።

«ካልሆነ እንደዚሁ መልስልኝ» አለችኝ። «ባይጫወትም መልስልኝ። እዚያ እንዳትተዋት።»

ደሴ ላይ አውቶብስ ስገባ ረዳቱ የያዝኩትን ዘንቢል አየና፣ «አባት፣ እሱ ጣራ ላይ ይውጣ!» አለኝ።

«አይወጣም። ቴፕ ነው።»

«የምን ቴፕ?»

«የሚዘፍን ቴፕ።»

«አባቴ፣ ዘፈን እኮ ስልክ ውስጥ ከገባ ቆየ!»

አውቶብሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ዘንቢሉን ግን ከጭኔ አላወረድኩም። ካሴቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከጎኔ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ሐርቡ ሳንደርስ አንቀላፋ፤ ከሚሴ ላይ ጭንቅላቱ ቴፔ ላይ ነበር። ደክሞታል ብዬ ልቀሰቅሰው አፈርኩ። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ የቴፑ እጀታ ጉንጩ ላይ ታትሞበታል። በጣም አፈረና ፓፓያ አስቆርጦ ጋበዘኝ። እኔም ከዓሣዬ አካፈልኩት። «ይሄ ዓሣ ባሕር ሳያይ አልቀረም» አለኝ። ሐይቃችንን ባሕር ሲለው ደስ አለኝና አላረምኩትም።

ከዚያ ደብረ ሲና ወጣን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አለፍን። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያዘኝ። የእኛ አገር ብርድ ከውሃው የሚመጣ፣ እርጥብና ለስላሳ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ መቀስ ነው።

አዲስ አበባ ላምበረት ስንደርስ ፋጡማ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፋጡማ የጓደኛዬ ልጅ ናት። ሐይቅ ተወልዳ መርካቶ ገባች፣ አሁን በርበሬ በረንዳ በርበሬ ትነግዳለች። አውቶብሱ ዘግይቶ ስለነበር ከአስር ሰዓት ጀምሮ እዚያው ቆማለች። ገበያዋን ትታ መሆኑ ነው። «ጋሼ እንድሪስ!» ብላ እጄን ስትስም ልብሷ በርበሬ በርበሬ ይላልና ሰላምታዬን በማስነጠስ ጀመርኩት።

ቤቷ ከአንዋር መስጊድ ኋላ ነው። አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ የበርበሬ ጆንያ ነው። እኔን አልጋው ላይ አውጥታ እሷ ከልጇ ጋር መሬት ወረደች። ብለምናት እምቢ አለች።

«አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

አባቷ ከሞተ ቆይቷል። ግን መርካቶ ድረስ አሁንም ያዛታል። ደስ ብሎኝ እያስነጠስኩ ተኛሁ።

ረቡዕ

መርካቶን ላላያችሁ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። የእኛ ገበያ በሳምንት አንዴ ይቆማል፣ ሲመሽ ይበተናል፣ ማግስቱን ሜዳው ሜዳ ይሆናል። እዚህ ገበያው የቆመው ድሮ ነው፤ እስካሁን አልተበተነም። ሁሉም ነገር የራሱ ተራ አለው። ፍራሽ ሲሄድ ታያላችሁ፣ ከሥሩ ሁለት እግር ብቻ። ጆንያ ሲሄድ ታያላችሁ፣ ከሥሩ ሁለት እግር። እግሮቹ «ዞር! ዞር በሉ!» ይላሉ። ፋጡማ እንደ ሕፃን እጄን ይዛ አሻገረችኝ። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ነበር፤ ማንም ማንንም አያይም።

መጀመሪያ ለቴፔ ድንጋይ ልግዛ ብዬ አንድ ሱቅ ቆምኩ።

«ድንጋይ አለህ?»

ባለ ሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የቱን ልስጥዎ ጋሼ? የግንቡን ነው የንጣፉን?»

ጎረቤቱ ከወዲያ «አቦ ተዋቸው! የባትሪ ድንጋይ ፈልገው ነው» አለው።

«አውቄያለሁ፣ ልጫወት ብዬ ነው። ስንት ድንጋይ ነው የሚበላው፣ ጋሼ?»

«አራት።»

«ማሻ አላህ፣ ጥርስ አለው!»

«ጥርሱ ነው እኮ እዚህ ድረስ ያመጣኝ» አልኩትና ነገሩን አስረዳሁት። ካሴት የሚጠግን ሰው እንደምፈልግ ስነግረው ሁለቱም በአንድ አፍ «ከድር ካሴት አለልዎት!» አሉኝ። ምናለሽ ተራ ነው አሉኝ። ምናለሽ ተራ አሮጌ ነገር ሁሉ ተሰብስቦ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ቆራሌው ከየቤቱ የገዛውን እዚያ ያራግፋል፣ አንዱ ይቀጠቅጠዋል፣ አንዱ ይፈታዋል፣ ሌላው ሌላ ነገር ያደርገዋል። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ለጆሮ ይከብዳል።

ፋጡማ እስከ በሩ አድርሳኝ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። ሱቁ ጠባብ ነው። ጀርባቸው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥኖች ተደራርበዋል። መሐል ላይ ዕድሜው አርባ የሚሆን፣ የመነጽሩን እግር በክር ያሰረ ሰው ተቀምጧል።

«ካሴት የምትጠግነው አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ። ይግቡ ጋሼ። ምኑ ነው የተበላሸው? ጥርሱ ዝጎ ነው?»

«ጥርስ የለውም።»

«ካሴት ጥርስ ከሌለው በምን ሊነክስ ነው?» አለና መሳቢያ ሳበ። በመሳቢያው ውስጥ የሳሙና ሳጥን የሚያካክሉ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል፤ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቀይ፤ በላያቸው የሚሮጥ ሰው፣ መኪና፣ አውሮፕላን ተስሎባቸዋል። አንዱን አነሳልኝ። ከታች በኩል እውነትም እንደ ጥርስ የተደረደረ መዳብ አለው። «ካሴት ማለት ይሄ ነው።»

እኔ ደግሞ መሐረቡን ፈታሁ። «ካሴት ማለት ይሄ ነው።»

ሁለታችንም እርስ በርስ ተያየን። የጌም ካሴት ነው ለካ። ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ የሚያጫውት ጌም። ከድር ልጅ ሳለ በዚሁ ሰፈር ሰው እየተሰለፈ በሰዓት ይጫወትበት ነበር። በኋላ ሌላ አዲስ መጣና ሁሉም ጣለው። ከድር ከቆራሌው እየለመነ ሰበሰበው። የማይገኝ የሚባለውን ሁሉ እሱ ዘንድ ታገኙታላችሁ። በዚህ ነው ከድር ካሴት ያሉት። የላኩኝ ሰዎች አልዋሹም፤ ያሳሳተን «ካሴት» የሚለው ቃል ነው።

በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ውሃ አቀረበልኝ። ስለ ዘይነባ፣ ስለ ሰይድ፣ ስለ ጥፍር ቀለሙ ነገርኩት። ካሴቷን በመሐረቡ ላይ እንዳለች፣ በእጁ ሳይነካት፣ ጎንበስ ብሎ ዙሪያዋን አየ።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ከዚህ ዓይነቱ ጋር ብዙ አልተዋወቅሁም። ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አንድ ብቻ የሆነ ነገር ያስፈራኛል።»

«እኔንም።»

«ግን እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት፣ እኔ ብረት ፈቺ ነኝ። ተረዳድተን ብናየውስ?»

ከዚያ እጁን በሳሙና ታጠበ። ይህን ሳይ አመንኩት።

የዘይነባ ካሴት ቡሎን የላትም፤ ዙሪያዋ የተጣበቀ ነው። ስለዚህ ክሩን የምናዛውርበት ቡሎን ያለው ሌላ ካሴት ያስፈልጋል። ከድር እጁን የሚያለማምድበትም ሌላ ፈለገ። ምናለሽ ተራን አብረን ዞርን። አንዷ ሻጭ ዘንድ ፀሐይ ያጣመማቸው ካሴቶች በባልዲ ሙሉ አገኘን። ከድር ከውስጣቸው ያልተጣመሙ ባለ አምስት ቡሎን ሁለት መረጠ።

«ምን ሊያረግልህ ነው?» አለችው ሴትዮዋ።

«ልሰፋው ነው።»

«አብደሃል ሲሉ እውነታቸውን ነው» አለችና መርቃ ሰጠችን።

የቀረውን ቀን የዋልነው ቴፔን ከፍተን ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ላልቶ፣ ክሩን የሚስበው ጎማ ቆሽሾ ጠቁሯል። ለካ የሚበላው ጠልቶ አይደለም፤ መጎተት ቢያንሰው ነው። ከድር በአልኮልና በጥጥ ጠረገው፣ ላስቲኩን ቀየረው። እኔ አንዱን ዕቃ አቧራውን ላራግፍለት ብዬ እፍ ልል ስል እጄን ያዘኝ።

«አይነፋም ጋሼ! አገር ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እፍ ሲሉት ምራቅ ይገባና ያዝገዋል። ጥጥ ብቻ።»

ሐሙስ

ጠዋት ስመጣ ከድር ስስ የሆነች ማጣበቂያ አግኝቶ ጠበቀኝ። ድሮ ካሴት የሚያባዛ ሰው ዘንድ ሄዶ ነው ያመጣው። ተራው ፕላስተር ሙጫው እየሾለከ ክሩን ያበላሻል አለኝ። መጀመሪያ በባልዲው ካሴት ላይ እየቆረጠ እየቀጠለ ተለማመደ። እኔም አዲስ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፌ በፊት በጋዜጣ እለካለሁ። ልክ ነው አልኩት።

ከዚያ የዘይነባ ተራ ደረሰ። ሽፋኑን በምላጭ ሲከፍተው ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ክሩ በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል፤ እኔ የሠራሁት ቋጠሮ እንደ ቁስል ደርቆ ይታያል።

«ጋሼ፣ አንዱን ጫፍ ገልብጠውታል።»

«የሚያብረቀርቀው ፊቱ አይደለም እንዴ?»

«ፊቱ ፈዛዛው ነው። ድምፁ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። የሚያብረቀርቀው ጀርባው ነው።»

ዕድሜ ልኬን ልብስ ስሰፋ ፊትና ጀርባ ተሳሳትክ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ግን ሌላም ነገር መጣ። ከድር ወደ ሌላ ያየ መስሎ ጥጥ ፈለገ።

የተጨማደደውን በጣቱ እያሸ ብዙውን አቀናው። የጥፍር ቀለሙ የነካውና ቴፑ ያኘከው ግን የሚሆን አልሆነም። ለካነው። ስንዝር ከሦስት ጣት ነው።

«ይሄ መቆረጥ አለበት» አለኝ። «ካልተቆረጠ እንደገና ይበላዋል።»

«ስንዝር ከሦስት ጣት ስንት ቃል ይሆናል?»

አሰላና «አምስት ሰከንድ ገደማ» አለ። «አንድ ዐረፍተ ነገር ይሆናል። ደግነቱ ልጁ የተናገረው በአንዱ ገጽ ብቻ ነው።»

ከጎረቤት መዶሻው ይመታል። ጨርቅ ሲጋጠም ስፌት ይበላል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የሚበላው የሰው ቃል ሲሆን መቀሱን ማን ያነሳል?

«ሁለት መንገድ አለ» አለኝ ከድር። «ጫፍና ጫፉን ካጋጠምኩት ንግግሩ ይዘላል፣ የተቆረጠ መሆኑ ብዙም አይታወቅም። ወይም በልኩ ባዶ ክር እጥፍበታለሁ። ያኔ ይናገራል፣ አምስት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። የቱ ይሁን?»

ካጋጠምነው ዘይነባ የጎደለውን ላታውቅ ትችል ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ማሰቤም አሳፈረኝ። ካባ ቀዶ አሳጥሮ እንደነበረ ነው ብሎ የሚመልስ ሰፊ አለ። እኔ ያን ሠርቼ አላውቅም።

«በልኩ ጣፍበት» አልኩት።

ቆረጠ። የተቆረጠውን እንዳይጥለው ለምኜው በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጣፈበት። በአዲሱ ሽፋን ውስጥ ጠመጠመው፣ አምስቱን ቡሎን አሰረ። ቴፑን መብራት ላይ ሰካና «ቢስሚላህ» ብሎ ተጫነው።

ሰይድ ተናገረ። ጥርት አድርጎ! ሰላምታውን ጀመረ። ጎረቤቱን ጠራ፣ ላማችንን ጠራ። ከጎረቤት የሚመታው መዶሻ ቆመ፤ ሰውዬው በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። ቋጠሮው የነበረበት ጋ ደረስን። «እማዬ፣ እዚህ ሙቀቱ ለጉድ ነው። አንድ ቀን ማታ» አለ ሰይድ። ዝም አለ። ከዚያ «ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ» አለና ሳቀ። ከ«አንድ ቀን ማታ» በኋላ ምን ይል እንደነበር ለማስታወስ ብሞክር ጣራ የሚል ነገር ብቻ መጣልኝ። ያን ሁሉ ዓርብ አብሬያት ተቀምጬ እሰማ የነበረው ቴፑን ነው ለካ።

ወዲያው የሰይድ ድምፅ ወፍራም ሆነ። ጎተተ። እንደሚሞት ሰው እየወረደ ሄዶ ቆመ።

«በላው!» ብዬ ጮኽኩ። «በላው! አውጣው!»

«መብራት ነው! መብራት ጠፍቶ ነው ጋሼ!» አለኝ ከድር ትከሻዬን ይዞ። እውነትም ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቷል። በሩ ላይ የቆመው ጎረቤት እየሳቀ «አይዞዎት፣ እኛ ሰፈር ይሄ በሶላት ልክ ነው፣ በቀን አምስቴ» አለኝ። አራቱን ድንጋይ አጎረስነው። ሰይድ ካቆመበት ቀጠለ።

ምሳ ከድር ቤት ወሰደኝ። ባለቤቱ ክትፎና ቆጮ አቀረበችልኝ። ቆጮውን ጠፍጣፋ ዳቦ መስሎኝ ሻይ ጠበቅሁ። «ጋሼ፣ እንሰት ነው! በክትፎው ነው!» አለችና በእጇ አጎረሰችኝ። እኛም አገር ዓሣ በልቶ የማያውቅ እንግዳ ሲመጣ አጥንቱን እንዲህ ነው የምናስተምረው።

ዓርብ

ጁምዓን አንዋር ሰገድኩ። ሰዉ መስጊዱን ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ፤ ነጋዴው ዕቃውን ሸፍኖ ምንጣፍ አንጥፎ ቆመ። ያ ሁሉ «ዞር በሉ» የሚል አፍ በአንዴ ዝም ሲል አንድ ጊዜ የሐይቁ ዳር መሰለኝ። ከሶላት በኋላ ጫማዬን ብፈልግ ቀኙ የእኔ ነው፣ ግራው የሌላ ሰው። የእኔ ጥቁር ነበር፣ ይሄ ቡኒ ነው፣ ልኩ ግን ልክ ነው። ብጠብቅ ብጠብቅ የሚመጣ ጠፋ። ያም ሰውዬ አንዱን ጥቁር አንዱን ቡኒ አድርጎ የሆነ ቦታ ይሄዳል። አላህ ያገናኘን ብዬ ሄድኩ።

ከድር ካሴቷን በሽቦ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እየቀዳ ጠበቀኝ። ቀረጻው የሚፈጀው ካሴቱ የሚጫወተውን ያህል ነው፤ ማፍጠን የለም። ይህ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር፣ የለም ብለው ይቁጠሩት» አለኝ። «በፍላሽ እሰጥዎታለሁ፣ በፋጡማ ስልክ እልካለሁ፣ በባልዲው ካሴት ላይም እገለብጣለሁ። የእናቱን ዋናዋን ደግሞ ለዓርብ ብቻ ያርጓት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ዘንድ አንድ ባስቀር... እናቱ ከፈቀዱ ነው። ካልፈቀዱ አጠፋዋለሁ» አለኝ።

«ለምን ፈለግኸው?»

ወደ መሳቢያው አየ። «እነዚህን ስሰበስብ የሠራቸውን ሰው አላውቀውም። ሰይድን ግን አሁን አውቀዋለሁ።»

እስኪቀዳ ድረስ ጌም ላጫውትዎ አለኝ። አንድ ትንሽ ሰውዬ ይሮጣል፣ እኔ አስዘልለዋለሁ። አላስዘለልኩትም። ጉድጓድ ገባ።

«ሦስት ነፍስ አለው፣ አይጨነቁ» አለኝ ከድር።

ሁለተኛውም እዚያው ጉድጓድ ገባ። ሦስተኛውም። ጎረቤቱ ባለ መዶሻ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ መቃብር ቆፋሪ ሆኑ እኮ!» አለኝ። ከድር አንድም ብር አልቀበልም ስላለኝ ጌሙን ትቼ መርፌዬን አወጣሁ። ከፋጡማ የለመንኩት አበባ ያለው ጨርቅ ነበረኝ። ለጌሙ ማሽን ልብስ ሰፋሁለት፤ ድሮ ለቴፕና ለቴሌቪዥን እንደምንሰፋው፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። ሳለብሰው ከድር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ቅዳሜ

ፋጡማ ለዘይነባ በርበሬ አስያዘችኝ። አውቶብሱ እስከ ደብረ ብርሃን ሲያስነጥስ ሄደ። ረዳቱ «ማነው በርበሬ የጫነው?» ሲል ዝም አልኩ። በዚህ ጉዞ የዋሸሁት ውሸት እሱ ብቻ ነው።

መንገዱን ሁሉ የማስበው ያቺን ስንዝር ከሦስት ጣት ነበር። ዘይነባ ካሴቱ ተሠራ ስላት ደስ ይላታል፤ ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ምን እላታለሁ? ጣርማ በር ላይ አንድ መልስ አሰናዳሁ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ተውኩት። ኮምቦልቻ ላይ ሌላ አሰናዳሁ፣ እሱንም ተውኩት።

ቤት ስገባ ገና አልመሸም። ዘይነባ ጫማዬን አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። ኪሴን ነው ያየችው። ዓርብን አልጠበቅንም። ቴፑን አስቀመጥኩና፣ «ዘይነባ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆርጠናል። እኔ ያበላሸሁት ነው። ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል» አልኳት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሰይድ ሰላምታውን ጀመረ። ዘይነባ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጎረቤቱ አለቀ፣ ላሟ አለፈች።

«እማዬ፣ እዚህ ሙቀቱ ለጉድ ነው። አንድ ቀን ማታ» አለ ሰይድ። ዝም አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ዘይነባ ዓይኗን ከቴፑ ሳታነሳ፣ በደኅና ድምፅዋ፣ ሳትቸኩል፣ «ጣራ ላይ ተኝቼ ነፋሱ የሐይቃችን መሰለኝና፣ እማዬ ጋቢ ደርቢልኝ» አለች።

«ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ» አለ ሰይድ፤ ሳቀም።

እሷም ሳቀች። ቃሉ ልክ በልኩ ነው የገባው፤ አላጠረም፣ አልተረፈም። እስኪያልቅ ሰማን። ሲያልቅ «መልሰው» አለችኝ። መለስኩት። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደገና አለችው።

በማግስቱ ከድር ደኅና መግባቴን ሊጠይቅ ደወለ። የጎደለውን ቃል ስነግረው በጣም ደስ አለው። ዘይነባ በስልክ ብትናገረው ቀርጾ በባዶው ቦታ ሊያስገባው እንደሚችል፣ ያኔ ካሴቱ ሙሉ እንደሚሆን ነገረኝ። አንድ ቅጂም ለማስቀረት ፈቃዷን ጠየቀ። ስልኩን ሰጠኋት።

«ልጄ ከድር፣ እጅህን አላህ ይባርከው» አለችው። «አስቀምጠው፣ ፈቅጃለሁ። ያቺን ቦታ ግን እንዳትሞላብኝ። እስከ ዛሬ እሱ ሲያወራ እኔ ስሰማ ነው የኖርኩት። አሁን እዚያች ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል።»